ነገረ ሪሌ፦ ራዲዮ በድንገት ሲደነቁር

ከሩቅ አገር የሚመጣ ደካማ ድምፅ ለመልቀም ማታ መቀበያውን ከፍቶ የሚቀመጥ የራዲዮ አማተር፥ ትናንት ጥርት ብለው ይሰሙት የነበሩ ጣቢያዎች ዛሬ ጠፍተውበት ሹሹታ ብቻ ሲቀርለት፥ በመጀመሪያ የሚያማው ሰማዩን ነው፤ አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ምድር የሚመለስበት የአየር ንብርብር በፀሐይ ጠባይ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፥ ሰማይን ማማት ሁልጊዜ ሐሰት አይሆንም። ሌላ አማተር ጠይቆ ሰማዩ ደኅና መሆኑን ከተረዳ በኋላ አንቴናውን ይጠረጥራል፤ ከአንቴናው ቀጥሎ ገመዱን፥ ከገመዱም ቀጥሎ ራዲዮውን በሙሉ። በዚህ መካከል ግን የማይክሮፎኑን ቁልፍ ለአንድ አፍታ ተጭኖ ቢለቅ፥ የጠፉት ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመለሱና ጥቂት ቆይተው ደግሞ እንደገና ይጠፋሉ። ይህን ምልክት ያየ ሰው ሰማዩንም አንቴናውንም ትቶ፥ በራዲዮው ሆድ ውስጥ የምትኖረውን ሪሌ የምትባለውን ትንሽ ዕቃ መመርመር ይገባዋል።

አማተር ራዲዮ ማለት፥ ዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ እንደሚተረጉመው፥ ያለ ገንዘብ ጥቅም ራስን ለማሠልጠን፥ እርስ በርስ ለመገናኘትና የቴክኒክ ምርምር ለማድረግ የሚሠራበት የራዲዮ አገልግሎት ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ቅጥር ውስጥ ሆኖ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚለው መጠሪያ ከዓለም ጋር ይነጋገራል፤ የፊተኞቹ ሁለት ፊደላት በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተመደቡ ናቸው። በትርጓሜው ውስጥ ራስን ማሠልጠን ከመገናኘት ቀድሞ መጠራቱ፥ በእኔ ግምት፥ እንዲያው የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ የተበላሸ መሣሪያውን ሳይከፍት፥ ምክንያተ ሕማሙንም ሳይጠይቅ፥ ለእያንዳንዱ ጉድለት ወደ ሠራተኛ የሚልክ አማተር፥ ከሥራው እኩሌታውን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል ማለት ይቻላል።

ሪሌ በመሠረቱ የደጅ አጋፋሪ ናት፤ ትንሽ ትእዛዝ ይደርሳታል፥ እርስዋም ትልቁን በር ትከፍታለች ወይም ትዘጋለች እንጂ፥ የሚያልፈውን እንግዳ በጉልበትዋ ተሸክማ አታሳልፍም። አካልዋ ሲታይ በብረት እምብርት ላይ በብዙ ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ፤ በዚህ ጥቅል ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ እምብርቱ ማግኔት ይሆንና ከፊቱ ያለውን ትንሽ የብረት ምላስ ይስባል፤ ምላሱም ሲሳብ በጫፉ ያለው ኮንታክት የሚባለው የብር ወይም የወርቅ ልባስ ያለው ነጥብ አንዱን ወገን ለቆ ሌላውን ወገን ይነካል፤ ኮረንቲው ሲቋረጥ ደግሞ ሞላው ምላሱን ወደ ቀድሞ ስፍራው ይመልሰዋል። ስሟን ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ እንኳ ድምፅዋን ያውቃል፤ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ከማቀዝቀዣው አጠገብ ያለው ስታቢላይዘር ቀጭ ቀጭ የሚለው፥ የመኪናም ጥሩንባ ሲጫን ከመሪው በታች የሚሰማው ትንሽ ድምፅ፥ የሪሌ ድምፅ ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካዊው ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ በ1835 በፕሪንስተን ሲያስተምር፥ በረጅም ሽቦ ተጉዞ የደከመ ኮረንቲ አንድ ማግኔት አንቀሳቅሶ ሌላ ብርቱ ኮረንቲ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ማድረግ እንደሚቻል ለተማሪዎቹ አሳየ። ሳሙኤል ሞርስ በግንቦት 24 ቀን 1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የመጀመሪያውን ታዋቂ የቴሌግራፍ ቃል ሲልክ የረዳው ይኸው ጥበብ ነበር፤ ሽቦው በረዘመ መጠን የሚደክመውን ምልክት በየመንገዱ በአዲስ ባትሪ የሚያድስ ሌላ ዘዴ በዚያ ዘመን አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ የቫኩም ቱቦ መጣ፥ ትራንዚስተርም መጣ፤ ሪሌ ግን አልጠፋችም፤ ተለይታ ስትከፈት በሁለቱ ነጥቦች መካከል ከአየር በቀር ምንም ስለማይኖርና፥ ስትዘጋም ብረት ብረትን ስለሚነካ፥ ለሁለቱም ሥራ የእርስዋን ያህል ንጹሕ የሆነ በር ማግኘት ዛሬም ቀላል አይደለም።

በአማተር ራዲዮ ውስጥ ዋናው ስፍራዋ የአንቴናው መግቢያ ነው። መሣሪያው ማሰራጫም መቀበያም ሲሆን አንቴናው አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ሲያዳምጥ አንቴናውን ከመቀበያው ጋር፥ ሲናገር ደግሞ ከማሰራጫው ጋር የምታገናኘው እርስዋ ናት። ከዚህም ሌላ ለየሞገዱ የተመደቡትን ማጣሪያዎች የሚያፈራርቁ፥ አንቴናን የሚያስማሙ፥ ኃይል ማጉያውን በመንገድ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ሌሎች ሪሌዎች አሉ፤ ነገር ግን የጉዳዩ ጥልቀት የሚታየው በአንቴናዋ ሪሌ ስለ ሆነ በእርስዋ ላይ እንቆይ።

100 ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ በ50 ኦም አንቴና ላይ ሲናገር፥ በዚያች ምላስ ላይ 70 ቮልት ያህል ውጥረትና 1.4 አምፔር ያህል ኮረንቲ ያልፋል። በሚያዳምጥበት ጊዜ ግን የመቀበያው መርፌ «ኤስ 9» ላይ ደርሶ ብርቱ ነው የሚባለው ምልክት፥ በአጭር ሞገድ ልማድ መሠረት፥ 50 ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ ማይክሮቮልት የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ክፍል መሆኑን አንባቢ ያስታውስ፤ «ኤስ 1» የሚባለው ደካማ ምልክት ደግሞ ከአንድ ማይክሮቮልት አምስተኛ እጅ አይበልጥም። እንግዲህ አንዲት የብረት ምላስ፥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግዙፉንና ረቂቁን፥ እርስ በርሳቸው ከሚሊዮን እጅ በላይ የሚበላለጡትን ሁለቱን፥ እያፈራረቀች ታሳልፋለች ማለት ነው፤ ብልሽትዋም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ በቤት ያለ የብር ጌጥ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በኮንታክቱ ላይ የሚሠራው ይህ ልባስ ለዓይን የማይታይ ረቂቅ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቮልት ሲመጣበት ይበሳል፥ ጥቂት ማይክሮቮልት ሲመጣበት ግን ቅጥር ሆኖ ይቆማል። ወደ ማሰራጫው የሚወስደው ወገን በተዘጋ ቁጥር 70 ቮልት ስለሚያልፍበት፥ ልባሱ ቢሠራበት እንኳ ወዲያው ይበሳለታል፤ ወደ መቀበያው የሚወስደው ወገን ግን ሌት ተቀን ተዘግቶ፥ ልባሱን ሊበሳ የሚችል ኃይል አንድም ጊዜ ሳያልፍበት ይኖራል። ሠራተኛው ወገን በሥራው ሲጸዳ ዐራፊው ወገን በዕረፍቱ ይታመማል። ብዙ ሰው ሪሌ የምትበላሸው ብዙ ኃይል ሲያልፍባት ነው ብሎ ያስባል፤ እኔ እንደማየው ግን በአማተር ራዲዮ ውስጥ ኃይል ካቃጠላቸው ኮንታክቶች ይልቅ ዝምታ ያሳወራቸው ይበዛሉ፤ የዝምታውም በሽታ ጭስና ሽታ ስለሌለው ለመርማሪ ይበልጥ ያስቸግራል።

ቁልፉ ለአፍታ ተጭኖ ሲለቀቅ መስማት የሚመለስበት ምክንያትም ከዚህ ይታወቃል። ምላሱ ሄዶ ሲመለስ ነጥቡ ነጥቡን ጥቂት ይፍቀዋል፥ ልባሱም በዚያች ስፍራ ይሰነጠቃል፤ ፈውሱ ግን የልባሱን ሥር ስላልነካ አይጸናም። በማጣሪያዎቹ ሪሌዎች ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ በእነርሱ በኩል የሚሰራጨውም የሚደመጠውም በአንዱ ኮንታክት ስለሚያልፍ፥ መድኃኒታቸው የምላሱ እንቅስቃሴ ሳይሆን ራሱ የሚሰራጨው ኃይል ነው፤ ስለዚህ አንድ ራዲዮ በአንዱ ሞገድ ደንቁሮ በሌላው ሞገድ ደኅና ቢሰማ፥ የደነቆረውም ሞገድ በትንሽ ኃይል ሳይሆን በሙሉ ኃይል ሲሰራጭበት ብቻ ቢመለስ፥ ጥፋቱ የአንቴናዋ ሪሌ ሳይሆን የዚያ ሞገድ ማጣሪያ ሪሌ ነው ለማለት በቂ ምስክር አለ።

ጥርጣሬን ወደ እርግጠኛነት የሚያደርሰው ፈተና ሪሌዋን ዘሎ ማለፍ ነው። ብዙ መሣሪያዎች ለመቀበያ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ የአንቴና መግቢያ አላቸው፤ አንቴናው ወደዚያ ሲዛወር ድምፁ ሙሉ ሆኖ ከመጣ ሪሌዋ ተከሳሽ ናት። እንዲህ ያለ መግቢያ የሌለው መሣሪያ ሲሆን፥ ክዳኑ ተከፍቶ፥ ማሰራጫው በምንም ምክንያት እንዳይነሣ ማይክሮፎኑ ተነቅሎ፥ በካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ሪሌዋን በቀስታ መታ ማድረግ ይቻላል፤ ድምፁ ከምቱ ጋር ከወጣና ከወረደ ምስክሩ ያው ነው። መምታት የሚለው ቃል ግን በልኩ ይወሰድ፤ ራዲዮን በቡጢ የሚያክሙ ሰዎች አሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ይሳካላቸዋል፥ የተሳካላቸው ዕለትም ሌላ የተሰነጠቀ ብየዳ ለነገ አስቀምጠዋል።

ክዳንዋ የሚነሣ ሪሌ በሆነች ጊዜ ማጽዳት ይቻላል። ጸጉር የማያወጣ ንጹሕ ወረቀት በቀጭኑ ተቆርጦ፥ በአይሶፕሮፒል አልኮል ተነክሮ፥ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ይገባል፤ ምላሱ በጣት በጥቂቱ ጫን ይደረግና ወረቀቱ ይሳባል፤ ጥቁር መስመር ይዞ ይወጣል፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በሌላ ወረቀት ይደገማል፥ በመጨረሻም ደረቅ ወረቀት ይሳብበታል። የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት በዚህ ስፍራ የሚያነሣ ሰው ግን በእኔ ዘንድ ይቅርታ የለውም፤ የወርቁ ልባስ ከፀጉር እጅግ የሚቀጥን ስለ ሆነ በአንድ ፍቅታ ይጠፋል፥ የቀረውም ብረት ተቧጦ ለአዲስ ቆሻሻ ማደሪያ ይሆናል፤ ዛሬ የዳነች የምትመስለው ሪሌ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፊተኛው በከፋ ሁኔታ ትመለሳለች። ቅባት ያለበትን ርጭት መንፋትም ያው ነው፤ ቅባቱ አቧራ ይይዛል። ዙሪያዋ በፕላስቲክ የታሸገች ከሆነች ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ስለ ሆነ በአዲስ መለወጥ ይሻላል።

በኮንታክት መካከል የሚገባው ነገር ሁልጊዜ ረቂቅ ላይሆን ይችላል። በመስከረም 9 ቀን 1947 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ማርክ 2» የተባለው፥ በብዙ ሺህ ሪሌዎች የሚሠራው የሒሳብ መኪና፥ ሥራው ሲሰናከል ሠራተኞቹ ፈልገው ፈልገው «ኤፍ» በተባለው ገበታ ላይ በ70ኛው ሪሌ ውስጥ ተቀርቅራ የሞተች የሌሊት ቢራቢሮ አገኙ፤ በድን አካልዋንም በመዝገባቸው ላይ በሙጫ ወረቀት ለጥፈው ታሪኩን ጻፉበት፤ መዝገቡም ዛሬ በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛል። መብራት ነፍሳትን በሚጠራበት አገር፥ ክዳኑ ሳይከደን ያደረ ራዲዮ ያለው አማተር ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ ብቻ ባያነበው ጥሩ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ በሩ ነው፤ አሁን ትእዛዙ ስለሚመጣበት መንገድ እንናገር፤ እዚህ ደግሞ ሪሌዋ ምንም ሳትበድል የምትከሰስበት ጊዜ ይበዛል። በጥቅል ሽቦዋ ላይ የሚላከውን ኮረንቲ የሚከፍተውና የሚዘጋው አንድ ትንሽ ትራንዚስተር ነው። የጥቅሉ አንዱ ጫፍ ከ12 ቮልት ጋር ሲያያዝ፥ ሌላው ጫፍ ኮሌክተር ከሚባለው የትራንዚስተሩ እግር ጋር ይያያዛል፤ ኤሚተር የሚባለው እግር በሻሲው ላይ ይቆማል፤ ቤዝ የሚባለው ሦስተኛው እግር ደግሞ ከማይክሮፎኑ ቁልፍ የሚመጣውን ትእዛዝ ይቀበላል። መርማሪው የመልቲሜትሩን ጥቁር ሽቦ ከሻሲው ጋር አያይዞ፥ በቀዩ ሽቦ እነዚህን ስፍራዎች በተራ ቢነካ፥ ዕቃዎቹ ራሳቸው መናገር ይጀምራሉ።

ቁልፉ ሳይጫን በኮሌክተሩ ላይ 12 ቮልት መነበብ አለበት፤ ኮረንቲ በጥቅሉ ውስጥ ስለማያልፍ ቮልቱ ሳይጎድል ወዲያ ማዶ ይደርሳልና። 12 መሆኑ ቀርቶ ባዶ ቢነበብ ግን ሁለት ምክንያቶች ይኖራሉ፤ ሪሌዋ ተስባ ከቆየች ትራንዚስተሩ ሾርት ሆኗል፥ አንቴናውም ከማሰራጫው ወገን የማይለቀው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሪሌዋ ሳትሳብ ባዶ ከተነበበ ግን የጥቅሉ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ቁልፉ ሲጫን በቤዙ ላይ 0.7 ቮልት ያህል ይወጣል፥ የኮሌክተሩም ወደ ባዶ ይወርዳል፤ ቤዙ 0.7 ቮልት እያለው ኮሌክተሩ በ12 ላይ ቢቀር ትራንዚስተሩ ትእዛዝ ሰምቶ የማይታዘዝ ሙት ነው፤ ቤዙ ላይ 4 ወይም 5 ቮልት ቢነበብም ያው ነው፥ በጤነኛ ትራንዚስተር ቤዝ ላይ ይህን ያህል ሊቆም አይችልምና፤ በቤዙ ላይ ምንም ባይነበብ ግን ሪሌዋም ትራንዚስተሩም ብዙ ጊዜ ንጹሐን ስለ ሆኑ ወደ ኋላ፥ ወደ ቁልፉና ወደ ማይክሮፎኑ ገመድ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው የማይክሮፎን ገመድ በመሰኪያው አንገት ላይ የሚበጠስ መሆኑን ልብ ይሏል።

ራዲዮው ጠፍቶ የጥቅሉን ሬዚስታንስ፥ ይኸውም ሽቦው ለኮረንቲ የሚያሳየውን እምቢታ፥ መለካትም ተገቢ ነው። በተለመዱት ትንንሽ የ12 ቮልት ሪሌዎች 400 ኦም ያህል ይገኛል፤ ይህም ማለት 30 ሚሊአምፔር ይበቃታል። መለኪያው ወሰን የሌለው ቁጥር ካሳየ ሽቦው ተበጥሷል፤ 400 መሆን ሲገባው 150 ካሳየ ደግሞ ዙሮቹ እርስ በርሳቸው ተነካክተዋል፥ 80 ሚሊአምፔር እየጠጣች ትሞቃለች፥ ትራንዚስተሩንም ይዛ ትወድቃለች።

አሁን ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ወደሚገባው ወደ ዳዮዱ፥ ኮረንቲን በአንድ ወገን ብቻ ወደሚያሳልፈው ትንሽ ዕቃ፥ እንምጣ። በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ኮረንቲ በድንገት ሲቋረጥ፥ በማግኔትነት ተከማችቶ የነበረው ኃይል መውጫ ይፈልጋል፤ ለአንድ ቅጽበት በጥቅሉ ጫፎች ላይ ብዙ መቶ ቮልት ያስነሣል። 2ኤን2222ኤ የተባለው በብዙ መሣሪያ የሚገኘው ትራንዚስተር የሚችለው 40 ቮልት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች በጥቅሉ ጎን አንድ ዳዮድ፥ ብዙ ጊዜም 1ኤን4007 የተባለውን 1000 ቮልት የሚችለውን፥ ቀለበት የተሣለበትን ጫፍ ወደ 12 ቮልቱ አዙረው ያስቀምጣሉ፤ የተቆጣው ኃይል በዚያ በኩል ዞሮ ይበርዳል። ዳዮዱ ውስጥ ለውስጥ ሲቆረጥ ግን ምንም ምልክት አይታይም፤ ሪሌዋ ትሠራለች፥ ራዲዮውም ይናገራል፤ ቁልፉ በተለቀቀ ቁጥር ብቻ ትራንዚስተሩ ይመታል፥ አንድ ቀንም ይሞታል። ባለቤቱ ትራንዚስተሩን ይለውጣል፥ ራዲዮውም ይድናል፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱም ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ሰው ስለ ዕቃው ጥራት ማማረር የሚጀምረው፥ ሟቹን ቀብሮ ገዳዩን በቤቱ እያኖረ። የሞተ ትራንዚስተር ያገኘ ሰው ሁሉ ሌላ ከመግዛቱ በፊት ዳዮዱን በመልቲሜትሩ የዳዮድ መለኪያ ይፈትን፤ አንደኛውን እግሩን ከብየዳው ነቅሎ በአንድ ወገን ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት፥ በሌላው ወገን ምንም ካላሳየ ደኅና ነው፤ በሁለቱም ወገን ባዶ ካሳየ ሾርት ነው፥ ይህም ቁልፉ ሲጫን ትራንዚስተሩን ወይም ፊውዙን ሊያቃጥል የሚችለው ዓይነት ነው። አዲስ ሲገባም ቀለበቱ ወደየት እንደሚዞር ሁለት ጊዜ ይታይ።

ሪሌዋ ስትሳብ ትርትር እያለች የምትንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ኃይል ሰጪውን መመልከት ይበጃል፤ የ12 ቮልት ሪሌ ለመሳብ 9 ቮልት ያህል ትፈልጋለች፤ 100 ዋት የሚያወጣ ራዲዮ 20 አምፔር ያህል ስለሚጠጣ በገመዱና በመሰኪያው ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖር 2 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር አርጅቶ ሲደርቅም ይህንኑ ያመጣል፤ በድምፅ ብቻ በሚነሣ ማሰራጫ ላይ ቃል ሳያልቅ ሪሌዋ የምትለቀው አንዳንድ ጊዜ በካፓሲተር እርጅና ነው። ሲሞቅ የሚጠፋና ሲበርድ የሚመለስ ብልሽት ደግሞ በሪሌዋ እግሮች ሥር የተሰነጠቀ ብየዳን ያመለክታል።

ከዚህ ቀጥሎ የጊዜ ተራ አለ። ሪሌ ስትታዘዝ ወዲያው አትደርስም፤ ከ5 እስከ 15 ሚሊሴኮንድ ያህል ትወስዳለች፤ መድረስዋን ሳይጠብቅ ማሰራጫው ኃይል ከለቀቀ፥ ገና ያልተነካኩት ነጥቦች በመካከላቸው እሳት ያስነሣሉ፥ በጊዜም ብዛት ይቦረቦራሉ ወይም ተጣብቀው ይቀራሉ። የተጣበቀ ኮንታክት ያለው መሣሪያ አደገኛ ነው፤ መቀበያው የተለቀቀ መስሎት ሲከፈት የማሰራጫው ኃይል ሊገባበት ይችላል። ያ ጠቃሚ ዳዮድም ለሪሌዋ መልቀቅ ጥቂት መዘግየት እንደሚጨምር መካድ አይቻልም፤ ፈጣን ሥራ በሚያስፈልግበት ስፍራ ከእርሱ ጋር ዜነር የሚባለውን ዳዮድ በተከታታይ ማግባት የተለመደ ነው።

ኃይል ማጉያ ከውጭ ሲጨመር አንድ ሌላ ወጥመድ ይመጣል፥ በዚህም ታዋቂው ምሳሌ በ1970ዎቹ በሚሺጋን በቤንተን ሐርበር ከተማ የነበረው ሒዝኪት ለአማተሮች በክፍልፋይ ይሸጠው የነበረው «ኤስ ቢ 220» ነው። ባለቤቱ ራሱ በይዶ የሚገጣጥመው ይህ ማጉያ በሁለት «3-500ዜድ» ቱቦዎች የሚሠራ ጠንካራ ዕቃ ስለ ሆነ ዛሬም በብዙ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። የሪሌዋ ጥቅል ግን 120 ቮልት ያህል የሚፈልግ ነው፤ ያም ውጥረት ከራዲዮው በሚመጣው የትእዛዝ ሽቦ ላይ ይቆማል። በዚያ ዘመን ትእዛዙን የሚሰጠው የራዲዮው የራሱ ሪሌ ስለ ነበረ ጉዳት አልነበረውም፤ የዛሬው ራዲዮ ግን ብዙ ጊዜ ትእዛዙን የሚሰጠው ጥቂት አሥር ቮልት ብቻ በሚችል ትራንዚስተር ነው፤ ሁለቱ በቀጥታ ሲገናኙ በመጀመሪያው ቁልፍ ትራንዚስተሩ ይሞታል፥ ባለቤቱም አዲሱ ራዲዮ የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ የ12 ቮልት ሪሌ ከነዳዮድዋ ማቆም፥ ወይም ከፍተኛ ቮልት የሚችል ትራንዚስተር ያለበት ትንሽ ሰርኪዩት መሥራት። የድሮ ማጉያ የገዛ ሰው ሁሉ ገመዱን ከማገናኘቱ በፊት የትእዛዙን ሽቦ ቮልት በመልቲሜትር ይለካ። ማጉያውን ለመክፈት የሚነሣ ደግሞ በውስጡ ከ2000 ቮልት በላይ እንዳለ፥ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይህን ኃይል ይዘው ሊቆዩ እንደሚችሉ ይወቅ፤ ነቅሎ ይጠብቅ፥ በኋላም ከሻሲው ጋር በሽቦ የተያያዘ ረጅም የማያስተላልፍ ዘንግ ይዞ ኃይሉን ያፍስስ፥ እስከዚያው ድረስ እጁን አያስገባ።

የምትተካዋን ሪሌ መምረጥ የመጨረሻው ሥራ ነው። ከተጣለ ስታቢላይዘር ወይም ከመኪና የተፈታች ሪሌ በቀላሉ ትገኛለች፤ ጥቅልዋ ብዙ ጊዜ የ12 ወይም የ24 ቮልት ስለ ሆነ መጀመሪያ ይህን ማየት ይገባል። ከዚያም ኮንታክትዋ ይጠየቅ፤ ለ10 አምፔርና ከዚያም በላይ የተሠራ ወፍራም የብር ቅይጥ ኃይል ለማሳለፍ የታመነ ነው፥ በመቀበያው በኩል ግን የተናገርነውን ልባስ ቶሎ ያበቅላል፤ ለመቀበያ መንገድ ብቻ ከሆነ በወርቅ የተለበሰች ትንሽ የምልክት ሪሌ ትሻላለች። አንዲት ሪሌ ለሁለቱም የምታገለግል ከሆነችና ልባሱ ደጋግሞ የሚመለስ ከሆነ፥ በዐራፊው ኮንታክት ላይ ዘወትር ጥቂት የቀጥታ ኮረንቲ ማሳለፍ ይረዳል፤ ከ12 ቮልቱ በ12 ሺህ ኦም ሬዚስተር በኩል የሚመጣ 1 ሚሊአምፔር ልባሱ እንዳይጸና ሊያደርግ ይችላል፤ ከሬዚስተሩ ጋር የራዲዮውን ሞገድ የሚያግድ ትንሽ ጥቅል ሽቦ ይገባል፥ ኮረንቲውም ወደ አንቴናውና ወደ መቀበያው እንዳይወርድ በሁለቱም ወገን ካፓሲተር ይቆማል። በአንቴናው ወገን ያለው ካፓሲተር የማሰራጫው ኃይልም ስለሚያልፍበት፥ ያንን 1.4 አምፔር ሳይሞቅ የሚያሳልፍ ዓይነት መሆኑ ይረጋገጥ፤ ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አንቴናን ተክቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት በሚለውጥ የ50 ኦም ጭነት ላይ ከ10 ዋት ጀምሮ እየጨመሩ መፈተን ነው።